ወደ ሰሜን የዞረው ሽቦ

ልጆቹ ንገሪን አሉኝ፤ እኔም እምቢ ማለት አላውቅበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሮቤ፣ ከጓሯችን ወዲያ ባለው ባዶ ቦታ የስልክ ማማ ሊተከል ነው ተብሎ ጉድጓድ ይቆፈራል። የልጅ ልጆቼ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲያዩ ዋሉ። ትንሿ ሮጣ መጣችና፣ «አኮ፣ በእናንተ ጊዜ ኔትወርክ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አኮ ነው የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ከሰፈር ልጆች ለምደውት በዚያው ቀረ። ሳቅኩባት። ወዲያው ግን ሠራተኞቹ ለጉድጓዱ መደገፊያ የሚሆን የጥድ ግንድ መሰንጠቅ ጀመሩ፤ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ መጣ። ትኩስ ጥድ ሲሰነጠቅ እንዴት እንደሚሸት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ሳቄ ቆመ።

«ነበር» አልኳት። «እኛ ቤት ነበር።»

እንግዲህ እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ የምጽፈውም እንደማወራው ነው። ወዲያ ወዲህ ብል አትቆጡኝ፤ መመለሴ አይቀርም።

በባሌ ደጋ እህል በዓመት ሁለቴ ይታጨዳል፤ አንዴ በበልግ፣ አንዴ በመኸር። ከተማ ብንኖርም ጊዜን የምንቆጥረው በአጨዳ ነበር። የምነግራችሁ ከአንዱ የመኸር አጨዳ እስከ ቀጣዩ ያለውን ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ መሠረተ ትምህርት የታወጀበት ዓመት። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል። ቤት ውስጥ እናቴ አስካለ፣ ታላቅ ወንድሜ ደምሴና እኔ ነበርን። ደምሴ ሲናና በኩል ካለ እርሻ ላይ ጆንያ ይሸከም ነበር። አንድ ቀን ገብስ ሲጭን መኪና መጣና እሱኑ ጫነው። ለሚሊሺያ። ቤት መጥቶ ጫማውን እንኳ አልቀየረም። ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

እኔ ሰሜን የሰው ስም ይመስለኝ ነበር። ትልልቆቹ «ሰሜን ልጆቻችንን ፈጀ» ሲሉ፣ ቡልኮ የተከናነበ፣ ጥርሱ የረዘመ ሽማግሌ ነው የሚታየኝ። በር ሲንኳኳ «ሰሜን ነው?» እላለሁ። እናቴ አትቆጣኝም፤ ሮጣ በሩን ትከፍታለች።

እናቴ ገበያ ላይ ጌሾ ትሸጥ ነበር። በበልጉ መግቢያ አንድ በምርኩዝ የሚሄድ ልጅ ፊቷ ቆመ። የጊኒር ልጅ ነው፤ አንድ እግሩን እዚያው ጦር ሜዳ ትቶ ነው የመጣው። ጌሾ እንደሚመርጥ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ» አላት፣ «እዚያ ማዶ ያሉት የማረኩትን ሰው ስም በሬዲዮ ይጠራሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አንዳንዴም ምርኮኛውን ራሱን ያናግሩታል። ልጅዎ በሕይወት ካለ ይሰሙታል።» ይህን ብሎ ምንም ሳይገዛ ሄደ።

እናቴ ጌሾዋን ለጎረቤቷ ጥላ በቀጥታ ወደ ጋሼ መንገሻ ሱቅ። እኔም ቀሚሷን ይዤ ከኋላ።

ጋሼ መንገሻ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በንጉሡ ጊዜ የጦሩ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር፤ ሃምሳ አለቃ። ለምልምሎችም ያስተምር ነበር ይባላል። ዳሌውን ቆስሎ ተሰናበተና ሮቤ ገበያ ዳር ሬዲዮ መጠገኛ ከፈተ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ቀድሞ የራሱ መላኪያ ነበረው፤ ቁልፏን በጣቱ እየቆረቆረ፣ አይቷቸው ከማያውቅ የሩቅ አገር ሰዎች ጋር ይጨዋወት ነበር። ምን ታወራላችሁ ሲሉት፣ «ስለ ዝናብ» ይላል፤ «ዘነበ ወይ እላቸዋለሁ፤ ዘነበ ይሉኛል። አለቀ።» ለውጡ ሲመጣ መላኪያውን አስረከበ፤ መቀበያው ብቻ ቀረለት። እኔ ጋሼን አንቱ አልለውም ነበር፤ «አንቱ ስትዪኝ ቀበሌ የጠራኝ ይመስለኛል» ብሎ ከልክሎኛል።

«መንገሻ፣ የልጄን ድምፅ አሰማኝ» አለችው፣ እንዴት ዋልክም ሳትለው።

ነገሩን ስትነግረው እጁ ላይ የነበረውን መበየጃ አስቀመጠ። «እታለም፣ ይኼ እኮ ያስገድላል።»

«እኔን አሁን አለች ትለኛለህ?»

ከመቀበያው ጀርባ የወጣችውን ሽቦ ጎተት አደረጋት። ከዚያ፣ «በዚህች ቁራጭ ሽቦ ያን ያህል ሩቅ አይሰማም» አላት። «ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት። ከፍታ ነው የጎደለን።»

ያ ቃል ለእናቴ መድኃኒት ሆነላት። ቤት እስክንደርስ «ከፍታ ነው እኮ፣ ከፍታ ብቻ ነው» እያለች ሄደች። እኔም ደምሴ ከአንድ ትልቅ ነገር ጀርባ ቆሞ የሚጠራን፣ እኛ ግን ከማጠራችን የተነሣ ያላየነው መሰለኝ።

የገጠሩን ሰው ከየጎጡ እያነሡ አዲስ መንደር የሚያሰፍሩበት ጊዜ ስለነበር እንጨት ከሮቤ ጠፍቷል። ጋሼ ጎባ ወጥቶ ጥድ በፈረስ ጋሪ አስመጣ፤ ባሕር ዛፉን ከዘመድ ለመነ። ግቢያችን ውስጥ አጋደማቸው፤ ከሥር ወፍራሙ ጥድ፣ ቀጥሎ ባሕር ዛፍ፣ ከጫፍ ደግሞ ቀጭን ባሕር ዛፍ። መጋጠሚያቸውን በበርሜል ቀለበት አሰረው። ምስጥ እንዳይበላው ከትራክተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት እየቀባው ሳለ፣ አዴ ሩቂያ በአጥሩ ቀዳዳ አየችው። አዴ ሩቂያ የአጥር ጎረቤታችን ናት፤ በዕድሜ ከእናቴ ትበልጣለች፣ አፏ አያርፍም።

«ሃምሳለቃ! ለእንጨት እንዲህ ቅባት የምትቀባ፣ ሚስት ብታገባማ ምን ልታደርጋት ኖሯል?»

«ሚስት እንዲህ ቀጥ ብላ አትቆምልኝም፣ አዴ።»

«ኧረ አንተ እያነከስክ ነው እሷ ቀጥ የምትል!»

እናቴ ሳቀች። በዚያ ዓመት ስትስቅ ትዝ የሚለኝ እምብዛም ስለሆነ ነው ይህን የጻፍኩት።

የእኔ ሥራ የጠርሙስ አንገት መልቀም ነበር። ከጠጅ ቤት ጓሮ የተሰበረ ጠርሙስ አመጣለሁ፤ ጋሼ አንገቱን በድንጋይ ሞርዶ፣ ሽቦው ከእንጨት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ያስገባዋል። ለምን አልኩት። «ድምፅ እንደ ውኃ ነው፣ እንጨት ይመጥጠዋል። ጠርሙስ ግን አይጠጣም» አለኝ። እኔም ከሽቦው ሥር እቆምና የደምሴ ድምፅ ከተንጠባጠበ ብዬ መዳፌን ዘርግቼ እጠብቅ ነበር።

ረጅሙ ምሰሶ መሐል ግቢ ሊቆም፣ ሁለት አጫጭር እንጨቶች ደግሞ ግራና ቀኙ ተተከሉ፤ አንዱ በምሥራቅ በአዴ ሩቂያ አጥር በኩል፣ አንዱ በምዕራብ በመንገዱ በኩል። ሽቦው ከአንዱ አጭር ተነሥቶ በረጅሙ ጫፍ አልፎ ወደ ሌላኛው ይሄዳል። የምሰሶው ቀን ጎረቤቱ እንደ ቤት ሥራ በደቦ ወጣ። ወንዶቹ በገመድ ሲስቡ፣ በባላ ሲደግፉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። አዴ ሩቂያ እርጥብ ሣር አምጥታ ከምሰሶው ሥር አሰረችና «ነጋ ሃ ደጌሲሱ» ብላ መረቀች፤ ሰላም ያሰማችሁ ማለቷ ነው። ለሰው የተባለው የአዲስ አበባን የመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም ለመስማት ነው ተብሎ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ሲሳይም «አርአያ የሚሆን ተግባር ነው» ብሎ አንዱን ገመድ ራሱ ሳበ።

ጋሼ ከምሰሶው ሥር ሌላ ሽቦ፣ ከተቀደደ የብረት ድስት ጋር አስሮ ቀበረ። «ይህ እግሩ ነው። እግሩ ከደረቀ ጆሮው ይደነቁራል» አለኝና ጨው የገባበት ውኃ ጠዋትና ማታ እንዳፈስበት አዘዘኝ። እኔ ግን የሚበቅል መስሎኝ ነበር። በየማለዳው ቅጠል አወጣ ይሆን እያልኩ ከሥር እስከ ላይ አየዋለሁ። የአዴ ሩቂያ ላም፣ ቡሬ፣ ጨው ሸቷት አንድ ቀን አጥር ጥሳ ገባች፤ መሬቱን ስትልስ ስትልስ ድስቱን ከነሽቦው ጎትታ አወጣችው።

«ላሜ እናንተ ቤት ሆራ አገኘች!» አለች አዴ ሩቂያ እየሮጠች መጥታ። ሆራ ከብት የሚነዳበት ጨዋማ ውኃ ነው።

«የዛሬውን ዜና ቡሬ ሰምታዋለች» አለ ጋሼ። «ምን አለ በያትና ንገሪን።»

ምሰሶ ተከሉና ተረሳ የሚባል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሳነቲ አምባ የሚወርደው ነፋስ ምሰሶውን ወጥረው የያዙትን ሽቦዎች ያላላቸዋል፤ በረዶው ጠርሙሱን ይሰነጥቃል። ጋሼ በየሳምንቱ ሽቦዎቹን በዱላ እየጠመዘዘ ያጠብቃል፤ ከዚያ እንደ ክራር በጣቱ መትቶ ጆሮውን ያስጠጋል። «ይቺ ታኮርፋለች» ይልና እንደገና ይጠመዝዛታል። ወገቡን በገመድ ከእንጨቱ ጋር አስሮ ይወጣል፤ የታመመ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ በጤነኛው እየገፋ። ከላይ ሆኖ የጠርሙሶቹን ጥላሸት በጨርቅ ይወለውላል። እናቴ ከታች ቀና ብላ «ምን ይታይሃል?» ትለዋለች። «የጎባ ጥድ» ይላታል። «ከዚያ ወዲያስ?» «ሌላ ጥድ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ በር ይዘጋል። ጋሼ ከሱቁ ወደ እኛ ቤት ያመጣውን መቀበያ ከፍቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ቁልፉን ያዞራል። መጀመሪያ የሚመጣው መንግሥት ያንን ሬዲዮ ለማፈን የሚልከው ጩኸት ነው፤ እንደ እንጨት መጋዝ ያለ። በመጋዙ መሐል ድምፁ ይገኛል። ጋሼ የሰማውን ስም ከነአባቱ ቀስ ብሎ ይደግመዋል፤ እናቴ በእያንዳንዱ ስም ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የሰው ልጆች ስም። የእሷ ግን የለም። ኋላ ኋላ መታገሥ አቅቷት፣ ከማዳመጫው አንዱን ጆሮ እሷ፣ አንዱን እሱ እየያዙ፣ እንደ ጥንድ በሬ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ማዳመጥ ጀመሩ።

አንድ ቀን ቆላ ካለችው ብድሬ የሄደ አንድ ልጅ ስም ተጠራ። እናቴ የልጁን እናት አይታት አታውቅም። ሆኖም በገበያ ቀን ከዚያ የሚመጡትን ከብት ነጂዎች አፈላልጋ፣ አንዱን ወደ ጥግ ወስዳ፣ «የእገሌ ልጅ አለ በልልኝ። ከየት ሰማሽ እንዳትለኝ» አለችው። በቀጣዩ ገበያ ሰውየው ቅል ሙሉ ቅቤ ይዞ መጣ። ቅቤውን ያቀበላት እንባው እየወረደ ነበር። እናቴ ግን ቅቤውን ቤት አምጥታ እያየችው፣ «ለእሷ ደረሰላት» አለች፤ ደስታ ነው ቅናት ነው አላወቅኩም። አሁን ሳስበው ሁለቱም ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ አንድ ነገር ያዘች። «ሽቦው ምሥራቅና ምዕራብ ነው የተዘረጋው። ልጄ ያለው በሰሜን! ጫፉን ወደዚያ አዙርልኝ» ትለዋለች።

«ትክክል ነው ያለው፣ እታለም።»

«ሰው ሲጠሩት ፊትህን አይደለም የምታዞረው? ወደዚያ አዙረው እንጂ!»

«ሽቦውን ለእኔ ተዪልኝ።»

«ግትር! እንደ አባትህ!» ትላለች። እኔም በልቤ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ሰው የሚጠቁመው በጣቱ ጫፍ ነው፤ ሽቦውም እንደ ጣት ወደ ደምሴ መጠቆም ነበረበት።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ ሱባኤ ያዘች፤ የዚያን ዕለት ማታ ቤተ ክርስቲያን ቆይታ ነበር። ጋሼ ብቻውን ማዳመጫውን ደፍቶ ተቀመጠ፤ እኔ ደጃፉ ላይ ሆኜ መንገድ እጠብቅለታለሁ። ሰው ከመጣ እንድዘፍን ነው የታዘዝኩት። ስሞቹን እንደ ልማዱ ይደግማል፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ከዚያ መድገሙን አቆመ። ዞር ብዬ ሳይ አፉ ተከፍቷል፣ እጁ ቁልፉ ላይ ነው፣ አይንቀሳቀስም።

«ጋሼ፣ ማን አሉ?»

ማዳመጫውን አወለቀ። «ድንጋዩ አለቀ» አለኝ። ባትሪውን ማለቱ ነው። ድንጋዩን እኮ በዚያው ሳምንት ነው የገዛነው፤ ግን እኔ ምን አውቄ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ራሱን ተላጭቶ መጣ። እናቴ ስታየው ደነገጠች፤ ከዚያ፣ «ምነው እንደ ለቅሶኛ?» አለችው።

«ከቀበሌው ስብሰባ ቅማል ይዤ መጣሁ» አላት። ቀጥሎ፣ እሷን ሳያይ፣ «ሽቦውን እንዳልሽው ላዙረው» አለ።

እናቴ ጮኸች ማለት ይቻላል፤ ከደስታ ብዛት። ጋሼ ሁለቱን አጫጭር እንጨቶች ነቅሎ አንዱን በሰሜን በገብሱ ማሳ ጥግ፣ አንዱን በደቡብ በሽንት ቤቱ ጀርባ ተከላቸው። አፈሩን እየጠቀጠቀ ያለቅስ ነበር። ምን ሆነህ ስለው፣ «አቧራ ነው» አለኝ። በነሐሴ ዝናብ ምን አቧራ አለ? እኔ ግን አመንኩት። እናቴ አሸነፈች፣ እሱ ተሸነፈ፣ ወንድ ልጅ ሲሸነፍ እንዲህ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ በኋላ መጋዙ ብቻ ቀረ። ማታ ማታ ጭንቅላታቸውን ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ሽሽሽ የሚል ነገር፣ አንዳንዴ የማናውቀው ቋንቋና ዘፈን። «አፈናውን አጠንክረውት ነው» ይላታል ጋሼ። «ነገ ይሻላል።» እናቴ ቀን በቀን እየቀጠነች ሄደች። እኔ ጥፋቱ ከውኃው መስሎኝ ጨው እጨምር ጀመር፤ ከምሰሶው ሥር ያለው ሣር ተቃጥሎ ቢጫ ሆነ።

መስከረም ላይ የአብዮት በዓል ደረሰ። ጓድ ሲሳይ መጣና ምሰሶውን ወደ ላይ አየ። «ከሮቤ ረጅሙ ይህ ነው። ሰንደቅ ዓላማው እዚህ ነው የሚሰቀለው።»

«ጓድ፣ ጨርቅ ነፋስ ይይዛል። እንጨቱ አይችለውም» አለ ጋሼ።

«ሰንደቅ ዓላማችን ይሰብራል ነው የምትለኝ?»

«የለም ጓድ። እንጨቱ ነው ደካማው።»

«እንግዲያው ይበርታ!»

ተሰቀለ። ሰፊ ነበር፤ ሁለት አንሶላ ያህላል። ነፋሱ ሲመታው ምሰሶው እስከ ሥሩ ያቃስታል። በዓሉ አለፈ፤ ይውረድ የሚል ግን ማን ነው? ጓድ ሲሳይ ራሱ ይውረድ ለማለት ይፈራል፤ ለምን አወረድክ የሚለው ከእሱ በላይ አለ። ጋሼ ወጣሪ ሽቦ ላይ ሽቦ ጨመረ፤ መጋጠሚያውን በከብት ቆዳ ጠፈረው፤ ቆዳው ሲደርቅ እንዲጨብጥለት። ጥቅምትን እንደዚህ አሻገረው።

ኅዳር ላይ፣ መኸሩ ሲታጨድ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሳነቲ ነፋስ ወረደ። መካከለኛው ባሕር ዛፍ እንደ ጥይት ጮኾ ተሰበረ። ሰንደቅ ዓላማው የቡሬ ጭቃ ውስጥ ተዘረጋ።

ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ መጡ፤ ጓድ ሲሳይ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ታጣቂዎች፣ ከጎባ ጦር ሰፈር ደግሞ ሬዲዮ የሚያውቅ አንድ ወጣት ወታደር። ወጣቱ መቀበያውን ነካካ፤ ወጥቶ በሁለቱ አጫጭር እንጨቶች መሐል ቆመ። አንዱን ተመለከተ፣ ሌላውን ተመለከተ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ።

«ይህ አዲስ አበባን ለመስማት አልተዘረጋም» አለ። «የሚሰማው ምሥራቅን ነው። ሱማሌን።»

ወገኖቼ፣ የሱማሌ ጦር ባሌን ለቆ ከወጣ ገና ትናንት የሚባልበት ጊዜ ነው። በግቢው ያለ ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ውሸት ነው!» አለች እናቴ። «ኧረ ጉድ! ያዞረው ወደ ሰ...»

«እታለም!» ጋሼ እንደዚያ ሲጮኽ ሰምቼ አላውቅም። «ዝም በዪ። እሷ ምንም አታውቅም» አለና ወደ ወታደሩ ዞረ። «ልክ ብለሃል። የምሰማው እነሱን ነው። ዘፈናቸውን እወዳለሁ።»

እናቴ አየችው፤ የተሰበረውን ምሰሶ አየች፤ እንደገና እሱን አየችው። ያንን ሁሉ ማታ ከእሷ ጋር ጭንቅላት ገጥሞ የተቀመጠበት፣ ነገ ይሻላል ያለበት፣ የማናውቀው ቋንቋና ዘፈን የመጣበት፣ አንድ በአንድ በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት።

«የልጄን ስም ትተህ ዘፈን?» አለችው። በሹክሹክታ ነበር፤ ከእኔና ከእሱ በቀር የሰማ የለም።

ወሰዱት።

ጎባ ነው የታሰረው። እናቴ ስንቅ አላዘጋጅም አለች። ስንቁን አዴ ሩቂያ ታዘጋጃለች፤ እሷና እኔ በጋሪ እንወስዳለን። «አስካለ፣ ሥጋሽ እኮ ነው» ስትላት፣ እናቴ «ሥጋዬ ሰሜን ነው ያለው» ትላለች። የሰፈር ልጆች «የሱማሌ ጆሮ» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። እኔም ጠላሁት። ከምሰሶው የቀረችውን ጉቶ ማጠጣት ተውኩ፤ አንድ ቀን እንዲያውም ተፋሁባት።

ባዶው ሰሃን እየተመለሰልን ቆየ። ከዚያ አንድ ጠዋት ዘበኛው ስንቁን ሳይቀበል፣ «ከእንግዲህ አታምጡ» አለን። ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ መሰለኝ። አዴ ሩቂያ ግን ከጋሪው ላይ መቀመጥ አቅቷት በእግሯ ነው ከጎኑ የሄደችው፤ ጋሪው እየጠበቃት፣ እስከ ሮቤ። ቤት ስንደርስ እናቴ ጌሾ ታበጥራለች። ሰማች። ወንፊቱን አላስቀመጠችም። «የዘፈኑ ዋጋ ነው» አለች፤ ማበጠሯን ቀጠለች። ለቅሶ አልተቀመጠችም። መቀመጥም ክልክል ነበር፤ ቢፈቀድም ግን አትቀመጥም ነበር። በዚያ መኸር የምሰሶውን እንጨት ፈልጠን አነደድነው፤ ዘይት ስለጠጣ ጭሱ ጥቁር ነበር።

እናቴ ደርግ ሳይወድቅ ሞተች። ደምሴ ይመጣል እንዳለች፣ ወንድሟን ይቅር እንዳላለች።

ደርግ በወደቀ ጊዜ፣ አንድ ማለዳ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንድ የጎባ ሰው ቆሟል፤ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሏል። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰውየው ከጋሼ ጋር አንድ ክፍል ታስሮ ነበር። «አደራ ነው» አለኝ። «በሕይወት ከወጣህ በጎህ ሂድ፣ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፣ ለእህቴ ንገራት ብሎኝ ነበር። ለእሷ አልደረስኩም፤ ለአንቺ ልንገር።»

ነገረኝ። በዚያ ፍልሰታ፣ በዚያ ማታ፣ በሬዲዮው የተናገረው ምርኮኛ የሮቤ ልጅ ነበር፤ ደምሴን በእጄ ቀበርኩት አለ። ያንኑ ንግግር በነጋታውም በሠልስቱም ደግመው ያሰሙታል። እናቴ ከሰማች ትጮኻለች፤ ከጮኸች ከየት ሰማሽ ተብላ ትታሰራለች። ጋሼ ሽማግሌ ሰብስቦ መርዶ እንዳያስነግር፣ «ማን ነገረህ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?» ብሎ ነበር።

«ታዲያ ሽቦውን ለምን ወደ ሰሜን አዞረላት?» አልኩት። «አጥርቶ እንዲያሰማት ነው?»

ሰውየው ሽማግሌዎቹን አየ፤ ከዚያ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋልኝ። «ሽቦ የሚሰማው በጎኑ ነው፣ ልጄ። በጫፉ ደንቆሮ ነው። መንገሻ ይህን ለምልምል ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ወደ ሰሜን ያዞረው ሰሜንን እንዳትሰማ ነው።»